ኣየሁሽ

ሂርማታ ገበያ ዳር፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ገባች፤
ኢፍቱ፣ የሼህ ከማል ልጅ፤
ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።
«ስክሪኑ ነው? ወይስ ባትሪው?»
«ምንም አልሆነ፤ ብቻ ዳግም እንዳይበራ አርገው።»

ከፈትሁት።
ፎቶው ጽጌረዳ፣ ስም የሌለው፣
ሌሊት ሌሊት የሚጽፈው፦
«ኣየሁሽ፣ የአዌቱን ድልድይ ስትሻገሪ።
ኣየሁሽ፣ ቢጫው ሻርፕ አያምርብሽም፣ ቀይሪ።
ዝም ካልሽኝ ፎቶሽን ለአባትሽ ነው የምልከው።»

ሦስቴ አገደችው፤ በሦስት ስም ተመለሰ፣
እንደ ጅማ በርጩማ፣
ጎርበጥባጣ መሬት ላይም የማይናጋ።
«ለማን ልንገር?» አለች፤
«‹አንቺስ ምን ብለሽው ነው?› ይሉኛላ።»

ጣቴ ወደ «አመልክት» ሄደና ቆመ።
ያ «ኣ»፣ አንድ እግሩን ያስረዘመ፣
የት ነው የማውቀው?

ቀና አልሁ።
ከመንገዱ ማዶ፣ በቀይ ቀለም፣ በቆርቆሮ ላይ፦
«ኣናጢ ሙዘይን። በርጩማ በትእዛዝ እንሠራለን።»
ስንት ዓመት ሳቅሁበት በዚያ ፊደል፣
ስንት ምሳ በላን ከአንድ ሳህን።
የተቀመጥሁበትም የእጁ ሥራ ነው።

ስልኩ ጠየቀ፦ «ምክንያቱን ይምረጡ።»
ስድብ አለ፣ ማስፈራራት አለ፣ ማጭበርበር አለ፤
«ወዳጄ ነው» የሚል የለም፤
ወርጄ ወርጄ አጣሁት።

ኢፍቱ ፊቴን አየች፤ ወደ ማዶ አየች፤
ሻርፗን ጠበቅ አደረገች።

መልእክቶቹን አንድ በአንድ ቀዳሁ፣ ቀን ከሰዓቱ፤
ስልኩን መለስሁላት።
«ቁልፉን አንቺው ተጫኚ። የማን እጅ ነው ካሉሽ
ምስክሩ እኔ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ
ቆሜ ነው የምሠራው።