ልክ

«ልክዎ ስንት ነው፣ አባባ?»
አለችኝ ኢክራም፣ ሸዋ በር አጠገብ፣
ጫማ እንደ ሙዝ ዘለላ ከተንጠለጠለበት
ጠባብ ደጃፏ ላይ ቆማ።
ስንት ነበር ልኬ?
በጃንሆይ ጊዜ አርባ አንድ ነበርኩ፤
ደርግ ሲወድቅ አርባ ሁለት፤
አሁን ግራዬ አርባ ሦስት ሲል
ቀኜ «እኔ እዚሁ ይበቃኛል» ብሎ ቀረ።

አመሻሹን የመጣሁት ሆን ብዬ ነው።
ጠዋት የተለካ ጫማ ይዋሻል።
ያረጀ እግር እውነቱን የሚያወጣው
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ቁርጭምጭሚቱ ኩፍ ሲል፣
የአውራ ጣቱ ጉብታ
እንደ ተጣላ ጎረቤት ክርኑን ሲያወጣ ነው።

«ለሰርግ ነው?»
«ለጀልባ።»
ሳቀች። ትሳቅ እንጂ!
ውሃ በጀሪካን ተሰልፎ በሚጠበቅበት አገር፣
በዚህ ሁሉ ድንጋይ መሐል፣ ጀልባ።
ልክ ነበረች።

ስትወለድ ሐይቁ የለም።
እኛ ዓለማያ እንለው የነበረውን
እሷ የምታውቀው የሚኒባስ ረዳት ሲጠራው ነው።
እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣
ጁንዲ እየቀዘፈ፣ እርሳስ የታሰረበት ገመድ እየጣልኩ
ልኩን ስጽፍ ኖሬያለሁ።
ሰባት ሜትር። ስድስት ከሩብ። አራት።
በባዶ እግሬ ነበር፤
ጣቶቼ እርጥቡን ጣውላ
ወፍ ቅርንጫፍ እንደምትይዝ ይዘውት።
የመጨረሻዋ ሰኞ ጀልባ አላስፈለገም፤
ጁንዲ መቅዘፊያውን ተመርኩዞ ቆመ፣
እርሳሱ ጭቃው ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣
ዜሮ ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ደብተሩን አስረከብኩ።
ከዚያ ወዲያ በቆዳ ጫማ ተሻገርኩት፤
ድንች የሚለቅሙ ልጆች ሰላም እያሉኝ፣
አቧራው ካልሲዬ ውስጥ ገብቶ
ጀጎል ድረስ ተከተለኝ።

አሁን ተመልሷል አሉ።
ውሃ ነው፤ ለምን ሄድክ፣ የት ከረምክ አይባልም።
ልሂድ ብዬ ስነሳ
የሕይወት ፋናዋ ሐኪም መርፌ ይዛ
«ተሰማዎት?» አለች። «እንዴታ!» አልኩ።
«ገና አልነካሁዎትም» አለች።
ስኳር ነው። ባዶ እግር ክልክል።
«እግርዎን እንደ ፊትዎ ይዩት» አለችኝ።
ፊቴንስ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ኢክራም መደርደሪያውን አራገፈችልኝ።
ኮንጎው ተረከዝ ይበላል፣ ውስጡ ያልባል።
ሸራው ውሃ ከጠጣ እስከ ሐሙስ አይደርቅም።
በረባሶው የከባድ መኪና ጎማ ነው፣ መያዝስ ይይዛል፣
ግን ሰውዬውን ከነጀልባው ያሰምጣል።
የቻይናው ሶል ለስላሳ፣ ጥርስ የሌለው፣
እንደ እኔው ድድ።
በመጨረሻ ፊቱ ሰፊ፣ ላስቲኩ የተነባበረ፣
ጎኑ የተበሳሳ አንድ ሰማያዊ አገኘን፤
ግራዬ ገብቶ ተነፈሰ።
ቀኜ ግን ባዶ ቤት እንደገባ እንግዳ ዞረበት።
አንድ ቁጥር ዝቅ የሚለው ግራጫው ብቻ ነበር።

ልጅቷ አሰበች። ከዚያ ጥንዱን ፈታችው፤
ከአንዱ ግራውን፣ ከሌላው ቀኙን።
«የቀሩትንስ ማን ይገዛልሻል?» አልኳት።
«እግሩ የእርስዎ ግልባጭ የሆነ ሰው
ሐረር ውስጥ አይጠፋም» አለች፤
ሂሳቡንም የአንድ ጥንድ ብቻ ተቀበለች።

ቅዳሜ ተሳፈርኩ።
ወለሉ ርሷል፤ አላዳለጠኝም።
ቀዛፊው ልጅ እጁን አቁሞ እግሬን አየ፣
ሰማያዊ፣ ግራጫ፣
እንዳያሳፍረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ
«አባባ፣ ጫማዎ ተለዋውጧል» አለኝ።
ገመድ አልያዝኩም፤
እጄን እስከ አንጓዬ ውሃው ውስጥ ነክሬ
«ልክ ነው» አልኩት።