ስም መጥሪያ

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲጋርድ፣
ጠመኔዬን ይዤ ስም ከስም ሳዛምድ፦
«ከተማ» የወል ነው፣ «ደሴ» ግን የራሱ፤
እንግሊዝ ሲጽፈው ይተልቃል ራሱ።
«የኛ ፊደል ታዲያ ለማን ነው ’ሚያደላ?»
አለኝ ሽኩር ይመር ተነስቶ ከኋላ።
መልስ አላገኘሁም፤ ወደ ጉሙ ዞርኩኝ፤
«አንድ ጉም፣ ሁለት ጉም፣ አይባልም» አልኩኝ።

ሳቁብኝ።
የሆጤው ስስ ነው፣ ቶሎ ይገፈፋል፤
የቧንቧ ውሃው ግን እስከ ቀትር ይተኛል፤
የአዝዋ ገደሉ ሰው ከነጥላው ይውጣል።
የደሴ ልጅ ጉሙን በሰፈር ይቆጥራል፤
መጽሐፉ ምን ያውቃል?

ቀጥሎ ረቂቅ ስም፣ እጅ የማይጨብጠው።
«ምሳሌ?» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ አለብኝ።
ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ከመስኮቱ ጥግ፣
ሁልጊዜ ቀድማ እጇን የምታወጣው
ዘምዘም አራጋው ነበረች።
ሐረጎን ወርዳለች፣ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ፣
በእህቷ መታወቂያ፣ በሌሊት ፈረቃ
የተበጠሰ ክር ትቀጥላለች።
የተጸውዖ ስሟ እዚያ ሌላ ነው፤
«ሉባባ!» ሲሏት
«አቤት» ትላለች።

«መቅረት» አለ ሽኩር።
ልክ ነው። ረቂቅ ነው። በሕጉ አይቆጠርም።
ስም መጥሪያውን ገለጥኩ፤ ከስሟ ትይዩ
ዘጠኝ ቀይ ምልክት፣ ሁሉም በእኔ እጅ፣
አንዱም አልተዛነፈ።
«ቲቸር፣ ሲበዛ ግን ኤስ ይጨመርበታል?»

እስክሪብቶዬ አሥረኛው ሳጥን ላይ ቆሟል፤
ቀለሙ ይሰፋል።