ዜሮ ሠላሳ ሦስት

ከቆጣሪው በስተቀኝ፣ ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ
ስድስት አሃዝ አለች፣ በቀለም የማትዳሰስ።
ቀቢ በመጣ ቁጥር አባቴ ቆሞ አጠገቡ
«እሷን ዝለላት» ይላል፤ ዙሪያዋን ነው የሚቀቡ።

የኑርዬ ስልክ ናት፣ የታናሽ ወንድሙ፣
ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራ፣ «ጣቃው» ነው ቅጽል ስሙ።
ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን መውረድ ነው፣
ግማሽ ሰዓት በሚኒባስ፣ ጉም መንገዱን ካልያዘው።
ስልኩማ ይቀርብ ነበር፤ ስድስቴ ማሽከርከር፣
ትርርር፣ ከዚያ የኑርዬ ሳል፣ ከዚያ ስለ ዝናብ መናገር።

አንድ መስከረም ላይ ቁጥር ሁሉ ረዘመ፣
ሆዱ አንድ አሃዝ ዋጠ፣ ፊቱ ሠላሳ ሦስት ተሸከመ።
ጎረቤት ለጎረቤት፣ ከአጥር እስከ አጥር፣
አገሩን ሳይጠራ በር አይከፈትም ነበር።
ማስታወቂያው ቴሌ ደጅ በሙጫ ተለጥፎ
ዝናብ አራሰው፤ አባቴም ሄደ ሳያየው አልፎ።

ደወለ።
«የደወሉት ቁጥር ትክክል አይደለም!»
«ማን ልበል?» ቢላት፣ ሴትዮዋ ያንኑ እንጂ ሌላ አትልም።
«ሌላ አገባ እንዴ?» አለ፤ ቆይቶ፣ «ንቆኝ ነው» አለ፣
«ነገሩ ገብቶኛል፣ ሌላ ምንም አይደል፣ ስለ
መሬቷ ነው።»
አንዲት እርሻ ነበረቻቸው በቃሉ፣
ወረቀት የላትም፤ አባት ነው የሰጠ በቃሉ።

ኑርዬም ከታች ሆኖ የኛን አሮጌ ቁጥር
ሲመታ ከርሟል ለካ፤ ያቺው ሴት ስትመልስለት ነበር።
ሁለት ዓመት፣ አራት ኢድ። ሐረጎ መሀል ቆሞ
ማንም አልወጣ፣ ማንም አልወረደ ደግሞ።

ነገሩን የፈታችው ከጅዳ ዘቢባ ናት።
«እኔ ዜሮዋን ስጥል ነው የምትገቡልኝ፤ እናንተ ግን ጨምሯት።
ሞባይል በዘጠኝ ነው፣ የቤቱ በሠላሳ ሦስት፣
ፖሊስ ከጠራችሁ አጭር ናት፣ የአገር ስም የለባት።»
አባቴ አዳመጠ፣ እንደ ፍርድ፣ እንደ ሸንጎ፤
«ባሕር ማዶ ላለው ምሕረት፣ ዕዳው ለኛ፣ ለሐረጎ?»

እኔ ነኝ የደወልኩለት። አሥሬ አሽከረከርኩ፣
ዜሮ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።
ትርርር። ከዚያ ያ ሳል። ከዚያ ዝምታ ወደቀ።
ሁለት ዓመት ያጠናው ክስ አባቴ አፍ ላይ ደረቀ።
«ጣቃው፣ ዝናብ አለ ወይ?»
«ከናንተ የወረደው አለ»
አለ ኑርዬ፤ ሳቁ ከሳሉ ጋር ተቀላቀለ።

ከስድስቷ በፊት ቦታ የለም፣ ቆጣሪው ቀድሞ ይዞታል፤
አባቴ ዜሮ ሠላሳ ሦስትን እሱው ላይ ጽፎታል።
የመብራት ኃይል ሰው ባትሪውን ሲያበራ
«ይቺን ማን ቆጠራት?» ይላል፤ ከሒሳቡ ጋራ
አትገጥምም።