የቬርና ሂሳብ

በዱሉዝ ወደብ ጀልባዋ ተሸጠች፣ የሦስት ወር ከፈለች፤
የጥድ ደኑ እስከ ፋሲካ አደረሰ፤
አሁን የቤቱ ተራ ደረሰ።

ቬርና ግን —
አርባ ዓመት የዓሣ መደብሩን መዝገብ የያዘች፣
አንዲት ሳንቲም ብትጎድል እንቅልፍ አጥታ ያደረች —
ሆቴል ነው ትላለች።

የአርቮን እጅ ስባ፣ በሹክሹክታ፦
«ነርሷ ዞር ስትል እንውጣ፣
ሂሳቡ ሳይመጣ።»

መጥቷል። ከኮቱ ኪስ ነው፣ አራት ታጥፎ፤
ዘጠኝ ሺህ ዶላር ለወሩ፦
የማይከፈት በሩ፣
ሌሊት ነቅቶ ስሟን የሚያስታውሳት ሰው፣
ሁሉም ተደምሮ።

«ስንት አስከፈሉህ?»
«ሃያ ዶላር። ከነቁርሱ።»

ጣቷን ቆጠረች። ደገመች።
«ለዚች ጠባብ አልጋ? ሃያ?
አታለሉህ፣ አንተ ሞኝ!»

ተቆጣችው።
ከመኸር ወዲህ ዛሬ ገና ሚስቱ ተቆጣችው፤
ደስ አለው።