ሁለት መዝገብ

እኔ ባልዲ ያዥ ነኝ፤ መዝገቡም የእኔ ነው፤
ዶክተር ናይላ ስትዳስስ፣ የምትለውን ነው የምጽፈው፦
«ሰኮና፣ የተሰነጠቀ። ጥርስ፣ ደህና። ዕድሜ፣ ዘጠኝ።
ጀርባ፣ ቁስል፣ የመዳፍ ስፋት» ስትለኝ።
የበጎ አድራጎት መኪና፣ በሯ ላይ የጋማ ከብት ሥዕል፣
በወር አንዴ እንዞራለን፤ ሕክምናው ያለ ክፍያ፣ ያለ ውል።
ከገጹ አናት ላይ ግን አንዲት ባዶ ሳጥን አለች፤
«የእንስሳው ስም» ትላለች፤
ሞልቼያት አላውቅም።

ከሙልታን ወዲያ ማዶ፣ ከጥጥ ማሳው ዳር፣
ሰማይ የሚያጠለሽ የጡብ ምድጃ ነበር፤
በሥሩ ሰዎች አሉ፣ ጡብ ሲጋግሩ ውለው
ጭቃ ቤት የሚያድሩ፣ ሸራ በላዩ ጥለው።
በሺራን ብቅ አለች፣ አህያዋን ስባ፣
ማን ማንን እንደሳበ ለዓይን ሳይገባ።

«ስሙን ማን ልበል?» ስላት፣ «ስም?» ብላ ሳቀች፤
«ስም ያለው ዕዳው ነው፤ ጸሐፊውን፣ ሙንሺውን ጠይቅ» አለች፤
«በቀዩ መዝገቡ፣ ከባሌ ስም ሥር፣
አህያው ተጽፏል፣ ከነወለዱ፣ በቁጥር።»

አላ ዲታ፣ ባሏ፣ ሦስት ክረምት ቀድሞ
ሩፒ ተበደረ፣ ልጁ ዋሪስ ታሞ።
ልጁ ድኖ ተነሣ፤ ብድሩ ግን ሳይሽር ኖረ፣
እያመረቀዘ ይኸው ዓመት ዓመት ተሻገረ።

ጆንያው ከቁስሉ ጋር አንድ ቆዳ ሆኗል።
ናይላ ለብ ባለ ጨው ውኃ አራሰችው፤
ጠርዙን በጥፍሯ ይዛ ቀስ ብላ ላቀቀችው።
አህያው አልጮኸም፤ ጆሮውን ብቻ መለሰ፣
ከሩቅ የጠራው ያለ ይመስል፣ ድምፅ የደረሰ።

«አሥር ቀን ይረፍ» አለች።
ዝም ሆነ።
በሺራን በጣቷ ቀኖቹን ልትቆጥር ተነሥታ
አራተኛው ላይ አቆመች፣ እጇን በጡጫ ዘግታ፤
«ከሦስቱ ልጆቼ እንግዲያ የቱን ልጫን?» አለች፤
አልተቆጣችም፤ ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነበረች።

እዚህ ላይ አፈርኩ፤ አልደብቅም።
አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ ይባላል፤
ምድጃውን ፈርቶ ቅባት የሚቀባስ፣ ምን ይባላል?

ናይላ መሬት ተቀምጣ መቀሷን አወጣች፤
«ጥጥ አለሽ?» «የሠርጌ ብርድ ልብስ አለ፣ አርጅቷል» እያለች
በሺራን ሮጠች። ሆዱን ተረተሩት፤
ከጆንያ ጋር ደርበው ወፍራም ጉዝጓዝ ሰፉት፤
መሃሉን ግን በቁስሉ ልክ ክብ አድርገው ቀደዱ፣
ጡቦቹ በዙሪያው እንጂ ቁስሉ ላይ እንዳይወርዱ።
አርባ የነበረው ጭነትም ሃያ አምስት ተባለ፤
ቀሪው በሌላ ዙር ይሄዳል፣ ቀን እስካለ።

ዕረፍት አልሰጠነውም።
ቀዳዳ ነው የሰጠነው፤ የመዳፍ ስፋት፣
ነፋስ የሚገባበት።

በሺራን ክሩን በጥርሷ በጥሳ
ሻርፗን ከትከሻዋ ገለጠች፤ የገመድ ጠባሳ።
«ለባለቤቱስ ቅባት አላችሁ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቅን፤
ወዲያው ደግሞ ማንም ሳያዘን ዝም አልን።
በመዝገቤ ለዚያ የሚሆን ዓምድ የለም፤
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። ናይላ ምንም አላለችም፤
ቅባቱን ከነጣሳው አቀበለቻት፣ «ለአህያው ነው» ብላ።
ሁለቱ ተያዩ።

በወሩ ተመለስን። ቁስሉ ጠርዙን ሰብስቧል፣
በግራጫው መሃል ነጭ ጠጉር አብቅሏል።
ሙንሺው በአልጋው ላይ፣ ቀዩን መዝገብ ገልጦ
ይደምራል፤ ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ ተቀምጦ።
ዋሪስ ከኋላዬ መጣ፣ በጡብ አቧራ ቀልቶ፤
«ስም አለው» አለኝ፣ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፤
«ባድሻህ እለዋለሁ፤ ንጉሥ ነው፤ ግን ቀስ ብለህ ጻፈው፤
ሙንሺው ንጉሥ መሆኑን ከሰማ፣ ወለድ ነው የሚጨምረው።»

ቀስ ብዬ ጻፍኩት፣
በእርሳስ፣ አሳንሼ።
አህያው ጆሮውን አዞረ።