የገመዱ ጫፍ

ደብተሩ ከሣጥን፣ ከፌስታል ወጣና
ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ እርጥበት በልቶታል፤
ከአባታችን ፎቶ ግማሹ ጢም የለም፣
ቀኝ ዓይኑ ተርፏል፣ በእርሱ ያየናል።

«ባለይዞታ» ይላል፤ «ባለቤት» አይልም።
ይዞ ነበር፣ ለቀቀ፤ ይኸው ነው ነገሩ።
እኛም መያዝ ጀመርን፤ ሙዘይን፣ ረሒማ፣
እኔም ታላቃቸው። ቃዲው ሲያጣሩ
«ሌላ ልጅ የለውም?»
          «የለውም» አልኳቸው።
አጭር ቃል ነበረች፤ ቆሎ ውስጥ እንዳለ
ጠጠር ጥርሴን ነካች።
          ማኅተም ወረደ፣ ወጣን።

ከሰቃ መንገድ ዳር፣ ከቡናችን ግርጌ
አባ ዲጋ ድንበር ሲገፋ ኖሯል፤
ዘንድሮ አንድ ጫማ፣ ለከርሞ አንድ ጫማ፤
ድንጋይ ሲራመድስ ማን ቆሞ ያየዋል?
አሥራ ሁለት ክንድ ሆነ።

ከመሬት አስተዳደር የመጣችው ልጅ
ቦቲዋን ጭቃ ውጦት፣ ልኬቷን ጨርሳ፣
መሣሪያዋን አጠፋች፤
«ሳተላይቱ እኔ የቆምኩበትን እንጂ
አባታችሁ የቆመበትን አያውቅም።
ሰው አምጡ።»

          የምን ሰው? አባ ፊጣ ሞተ፤
የማኅበሩ ጸሐፊም አፈር ገባ፤
የድንበሩ ዋንዛ እንኳ ጉቶው ቀርቶ
ግንዱ የማን በር እንደሆነ እንጃ።
ያን ጊዜ ረሒማ በሻሿ ጫፍ
አፏን ሸፍና «ሉባባ አለች» አለች።

ሉባባ። የአጋሮዋ። አባታችን
ከእናታችን በፊት ካገባት የወለዳት።
ማኅበሩ መሬት ሲያካፍል፣ በስድሳ ስምንት፣
የገመዱን አንድ ጫፍ እርሱ፣ ሌላውን እርሷ
ይዛ የሮጠች የሰባት ዓመት ልጅ።

አቶ ጥላዬ፣ ከጅማው ፍርድ ቤት አጥር ሥር
ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው፣
ብዕሩን ከደነ፤ «ወራሽ ናት ካላችሁ
ቃሏ የራሳችሁ ነው፤ ማንስ ሊያምነው?
ባዳ ናት ካላችሁ ምስክር ትሆናለች።
ወይ አሥራ ሁለት ክንድ፣ ወይ እህት። ምረጡ።»
እንደ ሽንኩርት ዋጋ ነገረን፣ ሃምሳ ብሩን ቆጥሮ።

ሙዘይን እዚያው ቆሞ ሒሳቡን ሠራ፤
እናታችን የለች፤ በሸሪዓው ድርሻ
ከስድስት አንድ እጅ ለእርሷ ይወጣል፤
ዝም ካልን ድርሻውም ከእኛ፣ ክንዱም ከእኛ።
ደግሞ ልክ ነበር ሒሳቡ።

ሉባባ በጠዋቱ መኪና መጣች፤
ችሎቱ ደጃፍ ላይ ጫማዋን በቅጠል
ጠረገች። ስለ ድርሻ አልጠየቀችም።
«ምን ልበል?» አለችኝ። ነገርኳት። «እሺ።»

ዳኛዋ ቀና አሉ፤ «ከከሳሾቹ ጋር
ዝምድና አለዎት?»
          አየችኝ።
ቀኝ ዓይኗ የዚያ የፎቶው ዓይን ነበር።
ለእኛ ብላ በሐሰት ልትምል አፏን ስትከፍት

«እህቴ ናት» አልኩ፣ ሳይፈቀድልኝ ቆሜ።
«ይቀመጡ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ክንዱ ቀረ። ሙዘይን በረመዳን እንኳ
አብሮኝ አላፈጠረም። ለቃዲው የሰጠሁት ቃል
ሌላ ፋይል ከፈተ፤ እርሱ ገና አላለቀም።
አዲሱ ደብተር ላይ አራት ስም አለ፤
የእርሷን «ሉባብ» ብለው ጽፈውት
ለማረሚያው ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ማክሰኞ።

ትናንት ይዣት ሄድኩ። ከጉቶው ተነሥታ
እየቆጠረች ወረደች፤ ድንጋዩን አለፈች፤
አባ ዲጋ ቡና መሐል ቆመች።
«እዚህ ነበርኩ» አለች፣ «ገመዱ እጄን ሲልጠኝ።
አባባ ከዚያ ማዶ፣ አንተ ካለህበት፣
‹እንዳትለቂ› ይለኝ ነበር።»