ከነጓዙ ስንት?

ካሰል ላይ ዝናብ ነው፤ የፈረንጅ ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤
ከመስታወቱ ውስጥ አዲስ መኪና ሁሉ ተደርድሮ ያበራል።
የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ነው የመጣሁ፤
የአዛውንቶች ቤት ሳሙና እጄ ላይ እየሸተተ ገባሁ።

ሰማያዊዋን ነው። ትንሽ ናት፤ ለእኔ ትበቃለች።
ሦስት ክረምት ሙሉ፣ አውቶቡስ ሲቀር፣ በህልሜ መጥታ ወስዳኛለች።
ይህን ግን ፊቴ እንዳይናገር
ዓይኔን ነጯ ላይ ተከልኩ፤ የማልፈልጋትን ሳደንቅ ነበር።

«ፍራው ቡሽራ» አለኝ ወንበር እየሳበ፤
በአባት ስም ነው እዚህ ሰው የሚጠራው። ልጁ ምን አሰበ?
ሳያውቅ የጠራው እኔን መች ሆነና፤
የባቢሌው ደላላ፣ ቡሽራ ራሱ፣ ሽርጡን አገልድሞ ገባና
ከጎኔ ተቀመጠ።

ብሪንክማን (ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል) ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ፣
«በወር ሁለት መቶ አስራ ዘጠኝ ብቻ!» ብሎ ጀመረ።
ብቻ! ቃሏን ቅቤ ቀብቶ አቀረባት፤
አባቴ ጺሙን ዳበሰ፤ ከላይ እስከ ታች አያት።
«ዛሬ» አለ፣ «ግመልን በእግር በእግሩ የሚሸጥ ሰው አየሁ፤
የፊቱን ለጥር፣ የኋላውን ለሐምሌ፤ የሻኛውን ዋጋ ግን ጆሮዬን ብጥል አልሰማሁ።»

ባቢሌ ላይ ዋጋ በአፍ አይጠራም፤
ሁለት እጅ ፎጣ ሥር ገብቶ ይነካካል፤ ሌላ ሰው አይሰማም።
አንድ ጣት መቶ ነው፤ አንጓ ሲነካ ሃምሳ፤
ፊት ዝም እንዳለ ጣት ይሟገታል፤ ጣት ወድቆ ጣት እስኪነሳ።
ልጅ ሆኜ ያን ፎጣ አጎንብሼ አይቼ አውቃለሁ፤
የተሰበረ ጥፍር ብቻ ነበር። ዛሬም አስታውሳለሁ።

እዚህ ፎጣ የለም።
«ወሩን ተወው» አልኩት በሰባራ ጀርመንኛ፤
«አንድ ቁጥር ስጠኝ፣ ከነጓዙ፣ ሌላ የማይከተለው፣ ብቸኛ።»

ጻፈ። አስራ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ።
ከሥሩ ደግሞ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ሌላው ተከትሎ መጥቶ፦
የማድረሻ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ፣
የሰሌዳ፣ የምዝገባ፣ የምንጣፍ፣ የጭቃ መከላከያ፤
የክረምት ጎማ ለብቻ፤ ቀለሟም ለብቻ ይታሰባል፤
ሰማይ እንኳ በዚህ አገር፣ ሰማያዊ ልሁን ሲል፣ ያስከፍላል።

«ማድረሻ ምንድን ነው? መኪና እግር የለውም?»
«ከፋብሪካው እስከዚህ…»
«እዚህ ካልደረሰችማ እኔም ልገዛት አልመጣሁም።»

አባቴ ጭኑን መታ።
እኔ ከቦርሳዬ የሽንኩርት መግዣ ደረሰኝ አወጣሁ፤ ጀርባው ላይ ማታ፣
ሽማግሌው ሲያንኮራፉ፣ እየሰረዝኩ የደመርኩትን፤
የጌቲንገኑ ሻጭ የላከልኝን፣ የማርቡርጉ በስልክ የነገረኝን።
አስራ ስምንት ሺህ አንድ መቶ፣ ከነምዝገባው፣ ከነጎማው።
እንደ ፎጣ ዘርግቼው ዝም አልኩ፤ የዝናቡ ጣት ብቻ ነበር ጣሪያውን የሚነካው።

ሄደ። ከአለቃው ጋር ሊመክር ነው፣ ከመስታወት ጀርባ።
ተመልሶ «አስራ ዘጠኝ» አለ። ቦርሳዬን ያዝኩ። ሄደ። ደግሞ ገባ።
በሦስተኛው «አስራ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ፣ ከነጎማው» ሲል ግንባሩ ወዝቷል፤
የእጅጌው ቁልፍ ረግፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።
ግድግዳው ላይ የሻጮች ስም አለ፣ የወሩ ሽያጭ በነጥብ፤
ከእሱ ስም ፊት ሦስት ብቻ። ሦስት፤ እንደ ጠብታ ዝናብ።

ያን ጊዜ መቶ ሃምሳ ላስቀንሰው እችል ነበር።
አባቴ ግን ክንዴን ያዘ፦ «ይበቃል፤ ሰውን አትግፊ እስከ ድንበር።
እያለቀሰ የተሸጠ ግመል መንገድ ላይ ይንበረከካል፤
ለልጁም እራት ይትረፈው፤ ያንቺም ጎዶሎ ይሞላል።»

እሺ አልኩ። ሁሉ ያለበት አንድ መስመር፣ አንድ ቁጥር፤
ብታነሳው ከሥሩ ጉንዳን የማይወጣ፣ እንደ ታጠበ ጠጠር።

እጁን ሰጠኝ። እርጥብ ነበር። ጨበጥኩት፤
አውራ ጣቴ ሳላስበው አንጓውን ነካ፤ ባቢሌ ቢሆን ሃምሳ ጨመርኩለት።
ዘወር ስል የአባቴ ወንበር ባዶ ነው።

ሰማያዊዋ የምትደርሰው በጥር ነው። ዝናቡም ገና አልቆመም፤
አውቶቡሱ መጣ። ቲኬት ሦስት ዩሮ፣ ከነጓዙ።
አልተከራከርኩም።